በቆየ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ «ዋሻ» መክፈት

በኮምፒውተር መረብ ቋንቋ «ዋሻ» ስንል አንድን ፓኬት በሌላ ፓኬት ውስጥ ከትቶ መላክን ማለታችን ነው፤ የታሸገን ደብዳቤ በሌላ ፖስታ ውስጥ እንደ መክተት። በቆዩ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ለዚህ ተግባር በብዛት ያገለግል የነበረው ፒፒቲፒ የተባለው ፕሮቶኮል ነው።

በቅድሚያ የከርነሉን ቁጥር እንመልከት። የፒፒቲፒን መረጃ የሚያመሰጥረው ኤምፒፒኢ ከሊኑክስ ከርነል ጋር የተዋሐደው በ2.6.15 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከርነሉ ከዚያ የቀደመ ከሆነ ተጨማሪውን ኮድ አክሎ ከርነሉን እንደገና መገንባት ግድ ይሆናል፤ በዝግተኛ ማሽን ላይ ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ጀማሪዎች ዘወትር የሚሰናከሉት ግን በፋየርዎሉ ላይ ነው። ፒፒቲፒ በሁለት መንገድ ይጓዛል። ግንኙነቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው ንግግር በቲሲፒ ፖርት 1723 ያልፋል፤ ዋናው መረጃ ግን ጂአርኢ በተባለ ሌላ ፕሮቶኮል ይሄዳል፤ የዚህም መለያ 47 ነው። ይህን ቁጥር አይቶ የቲሲፒ ፖርት 47ን የሚከፍት ጥቂት አይደለም። ጂአርኢ ግን ከናካቴው ፖርት የለውም! 47 የፕሮቶኮል ቁጥር ነው፤ ቲሲፒ 6፣ ዩዲፒ 17 እንደሆኑት ሁሉ። በዚህ ስሕተት ምክንያት ተጠቃሚው ሰርቨሩን ያገኛል፤ የይለፍ ቃሉ ሊመረመር ሲል ግን ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል። ምርመራው የሚካሄደው በዋሻው ውስጥ ነውና።

ዋሻው ቢከፈትም ምስጢራችንን አደራ አንስጠው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሞክሲ ማርሊንስፓይክና ዴቪድ ሀልተን የፒፒቲፒን የይለፍ ቃል ማረጋገጫ ለመስበር አንድ የ56 ቢት ቁልፍ ፈልጎ ማግኘት እንደሚበቃ አሳይተዋል። ለቤተ ሙከራ ልምምድ ይበቃል፤ ለተማሪዎች ውጤት ማስተላለፊያ ግን በቆየ ከርነል ላይም የሚሠራውን ኦፕንቪፒኤን እንመርጣለን።