ዓይኗን ሳትገልጡ ኮሶ አትቀጥቅጡ

ክረምቱ ሲበረታ በሮቤ ዙሪያ በግ ያለው ሁሉ አንድ ጥያቄ ያነሳል፦ «በጌ ከስታለች፣ ከመንጋጋዋ ሥር አብጧል፤ ምን ቅጠል ልስጣት?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ቅጠሉም ከንቱ ነገር አይደለም፤ አባቶቻችን ዝም ብለው አልቀጠቀጡትም። ችግሩ ቅጠሉና ትሉ ሳይተዋወቁ መቅረታቸው ነው።

የሚታየው ትልና የሚገድለው ትል

ኮሶ (በኦሮምኛ ሄጦ) እና እንቆቆ (ሃንቁ) የታወቁት በሰው የኮሶ ትል ላይ ነው። በበግም ጠፍጣፋው ትል እንደ ሪባን ተቆራርጦ በበጠጡ ላይ ሲወጣ ባለቤቱ «ዳነች» ብሎ ያርፋል። በጓን የሚገድላት ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ አይደለም። ገዳዩ ሂሞንከስ የሚባለው ደም መጣጭ ነው። እንደ ክር የቀጠነ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ በአራተኛው ጨጓራ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ትል ነው፤ በበጠጥ ላይ በዓይን አይታይም።

አንዱ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያሳጣል። ትንሽ ይመስላል። አንድ ሺህ ትል ግን በቀን 50 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ደም ይወስዳል። የ25 ኪሎ በግ ጠቅላላ ደም ደግሞ ከሁለት ሊትር አይበልጥም። ሴቷ ትል በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 ዕንቁላል ትጥላለች፤ ሜዳው የሚበከለው በዚህ ነው።

ድንብላል ያሳየን ነገር

በአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ተቋም የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ለዚህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያስተምረኛል። ተመራማሪዎቹ የድንብላል ጭማቂ በብርጭቆ ውስጥ የሂሞንከስን ዕንቁላል እንዳይፈለፈል ሲያደርግ አዩ። ውጤቱ አስደሳች ነበር። ከዚያ 24 በጎችን በትሉ አስይዘው ለከፊሎቹ ጭማቂውን አጠጡ። መጠኑ ከፍ ሲል የትሉ ቁጥር ቀነሰ፤ ሆኖም የበጎቹ ደም አልተመለሰም። አልበንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት የተሰጣቸው ግን ደማቸው ተመለሰ።

ብርጭቆና የበግ ሆድ አንድ አይደሉም። ቅጠሉ መጀመሪያ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ከብዙ ሊትር መኖ ጋር ይደባለቃል፣ እዚያ ያሉት ተሕዋስያን ያብላሉታል፤ ትሉ ዘንድ የሚደርሰው ጥቂት ነው። «እንግዲያው መጠኑን እንጨምር» የሚል ካለ ይጠንቀቅ። ከመጠን ያለፈ ኮሶ በሰው ላይ ዓይን እንደሚያጠፋ ሐኪሞች ጽፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ጥናትም በጫጩቶች ዓይን ላይ ጉዳቱን አሳይቷል። በእፍኝ እየለኩ ለግልገል ማጠጣት አደገኛ ነው የምለው ለዚህ ነው።

እንዶድስ?

እንዶድ ሌላ ጉዳይ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። እንዶድ የሚገድለው ቀንድ አውጣውን ነው። የጉበት ትልም ረግረግ ላይ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሚያድግ ነገሩ ይዛመዳል፤ ነገር ግን ይህ እንዶድ በግ ውስጥ ለገባው ትል መድኃኒት መሆኑን አያሳይም፤ እንዶድ ለዓሣም መርዝ ነው። ለበግ አታጠጡት።

ዓይን ገልጦ ማየት

የታችኛውን የዓይን ሽፋን በአውራ ጣት ዝቅ አድርጋችሁ በቀን ብርሃን እዩ። ውስጡ ቀይ ከሆነ ደም አለ። ፈዛዛ ሮዝ ከሆነ በተለይ ግልገልን፣ ነፍሰ ጡርንና የምታጠባን በቅርብ ተከታተሉ። እንደ ወረቀት ከነጣ የዛሬ ሥራ ነው፤ ቅጠል የሚሞከርበት ጊዜ አልፏል። ደቡብ አፍሪካውያን ይህንኑ በአምስት ደረጃ ቀለም ሠርተው ፋማቻ ብለውታል፤ በረት ላይ ከዚህ የቀለለ መመርመሪያ አላውቅም። የጉበት ትልም ዓይን ያነጣል፤ ስለዚህ ንጣቱ ደም መጥፋቱን እንጂ የትሉን ስም አይነግራችሁም።

መድኃኒት ሲገዛም በኪሎ መዝኑ። በግምት ያነሰ መጠን መስጠት ትሉን ያለማምደዋል። አልበንዳዞልን በመጀመሪያው የእርግዝና ወር አትስጡ።

ቅጠሉ ቦታ ያጣ እንዳይመስላችሁ። ጤናማ ፍየል ቁጥቋጦ ቀና ብላ ስትቀነጥብ ከሣሩ ሥር ካለው የትል እጭ ትርቃለች። በጎችንም ጤዛው ሳይረግፍ አታሰማሩ፤ እጩ በእርጥብ ሣር ላይ ይወጣልና። የባቄላ ገለባ ያገኘች በግ ደግሞ ትሉን ከተራበችው በተሻለ ትቋቋማለች።

የትሉን ስም ለማወቅ ከሦስት አራት በጎች ትኩስ በጠጥ በንጹሕ ፌስታል ይዛችሁ ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ሂዱ፤ ከዚያ ካለፈ አሰላ የክልሉ የእንስሳት ላቦራቶሪ አለ። በዚያው ዕለት ይድረስ፤ ሙቀት ካገኘው ዕንቁላሉ በአንድ ቀን ይፈለፈላል።