የአንዱ ሒሳብ ለሌላው ለምን መጣ?

ጥያቄ፦ ብቸና ውስጥ የእህል መጋዘን ሒሳብ እይዛለሁ። ከብቸናና ከሞጣ ጤፍ ያስረከቡ ገበሬዎች ስም በአንድ የኤክሴል ገጽ፣ ክፍያቸው በሌላ ገጽ አለ። ስም ፈልጎ ክፍያውን የሚያመጣው ቪሉክአፕ የተባለው ፎርሙላ አንዳንዱን ስም አያገኝም፤ ለአንዳንዱ ደግሞ የሌላ ሰው ሒሳብ ያመጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አስቸኳዩ ሁለተኛው ነው፤ የገበሬ ገንዘብ ነውና። በፎርሙላው መጨረሻ 0 ካልጻፋችሁ ኤክሴል ዝርዝሩ በቅደም ተከተል እንደተደረደረ ቆጥሮ የተቀራረበውን ይወስዳል፤ ስህተት መሆኑንም አያሳውቅም። ዛሬውኑ 0 ጨምሩበትና የተከፈለውን ሁሉ ከደረሰኙ ጋር አመሳክሩ።

ስሙ የሚጠፋው በአብዛኛው በፊደላችን ምክንያት ነው። ለእኛ ፀሐይና ጸሐይ፣ ዓለሙና አለሙ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ኮድ አለው። የከተማችሁ ስም እንኳ ብቸናም ቢቸናም ተብሎ ይጻፋል። ሰብስቲትዩት በተባለው ፎርሙላ ፀን ወደ ጸ መለወጥ ይቻላል፤ ግን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱንም ለየብቻ ነው። ትርፍ ክፍት ቦታን ትሪም የተባለው ፎርሙላ ያጠፋል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ሁለት አለሙ ታደሰ ቢኖሩ ቪሉክአፕ የሚያመጣው መጀመሪያ ያገኘውን ብቻ ነው። ስለዚህ በስም መፈለጉን ተዉት። ለእያንዳንዱ ገበሬ ብ-001፣ ሞ-001 እያላችሁ መለያ ስጡ፤ በደረሰኙም ላይ ይጻፍ። ቪሉክአፕ ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ስለሚፈልግ መለያው የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ይሁን። ኤክሴል 2021 ካላችሁ ኤክስሉክአፕ የተባለው ፎርሙላ ይሻላል፦ ሳይነገረው ትክክለኛውን ብቻ ይፈልጋል፣ ዓምዱም የትም ቢሆን ግድ የለውም።