ካርቱም ላይ የተገዛ ሶፍትዌርና የመጠባበቂያ ቅጂ መብት

ገንዘብ ከፍሎ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የገዛ ሰው የአንድ ቅጂ ባለቤት ይሆናል እንጂ ፕሮግራሙን የማባዛት መብት ባለቤት አይሆንም። ፕሮግራም ኮምፒዩተር አንድን ተግባር እንዲፈጽም የሚያዝዙ መመሪያዎች ስብስብ ሲሆን፣ ሕግ እንደ መጽሐፍ ሁሉ የአእምሮ ሥራ አድርጎ ስለሚጠብቀው የማባዛቱ መብት ከሠሪው ወይም መብቱ ከተላለፈለት ድርጅት እጅ አይወጣም። ሆኖም ይህ ደንብ ያለ ምንም ልዩ ሁኔታ ቢሠራበት ኖሮ ዲስኩ የተሰበረበት ወይም ኮምፒዩተሩ የተዘረፈበት ገዢ ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ለመክፈል ይገደድ ስለነበር፣ የብዙ አገሮች ሕጎች ለሕጋዊው ገዢ መጠባበቂያ ቅጂ የመያዝ መብት ሰጥተውታል።

በካርቱም ይኖሩ ለነበሩ ኢትዮጵያውያን ይህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማዋ ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ መኖሪያ ቤቶችና ሱቆች ሲዘረፉ፣ በገላባት በኩል ወደ መተማ ለሚሸሽ ባለፎቶ ቤት ወይም የሒሳብ ባለሙያ ይዞ ለመውጣት የሚቀለው ከኮምፒዩተሩ ይልቅ ኪስ ውስጥ የሚገባው ሃርድ ዲስክ ነበር። ይህ ሰው ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ደርሶ በሃርድ ዲስኩ የያዘውን የተገዛ ፕሮግራም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሊጭን ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ግልጽ መልስ ያሻዋል።

የቅጂ መብት ሕግ የሚሠራው ድርጊቱ በተፈጸመበት አገር ስለሆነ፣ ካርቱም ውስጥ የተደረገው ቅጂ በሱዳን ሕግ፣ ጎንደር ላይ የሚደረገው ጭነት ደግሞ በኢትዮጵያ ሕግ ይመዘናል። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 9 ሰዎች የታተመ ሥራን ለግል ጥቅማቸው በአንድ ቅጂ እንዲያባዙ ሲፈቅድ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከዚህ አውጥቶ በአንቀጽ 14 ለብቻው ደንግጎለታል። በዚህ አንቀጽ መሠረት የፕሮግራሙ ቅጂ ሕጋዊ ባለቤት ፕሮግራሙን ለገዛበት ዓላማ በኮምፒዩተር ለመጠቀም፣ እንዲሁም ዋናው ቅጂ ቢጠፋ፣ ቢበላሽ ወይም ከጥቅም ውጭ ቢሆን የሚተካ መጠባበቂያ ለማስቀመጥ አስፈላጊ ሲሆን አንድ ቅጂ ማድረግ ይችላል፤ የመብቱ ባለቤትም ይህን ሊከለክለው አይችልም። ቅጂው ግን ለሌላ ዓላማ እንዳይውል፣ ዋናውን ቅጂ መያዝ ሕጋዊነቱን ባጣ ጊዜም እንዲወገድ ያው አንቀጽ ያዛል።

እዚህ ላይ በሽያጭና በዝርፊያ መካከል ያለው ልዩነት ጠቃሚ ነው። ፕሮግራሙን ከነኮምፒዩተሩ ለሌላ ሰው የሸጠ ሰው ሕጋዊ ይዞታውን በፈቃዱ ስላስተላለፈ በሃርድ ዲስኩ የቀረውን ቅጂ የማጥፋት ግዴታ አለበት፤ አላጠፋውም ማለት አንዱን ቅጂ ሸጦ ሌላውን ያለ ክፍያ ይዟል ማለት ነው። የተዘረፈ ሰው ግን መብቱን ለማንም አላስተላለፈም፣ ዘራፊውም በዘረፋው ሕጋዊ ባለቤት አይሆንም፤ ስለዚህ ተዘርፎ የተወሰደ ቅጂ “የጠፋ” ነው ተብሎ መተርጎም አለበት፣ መጠባበቂያውም የተፈቀደው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። መጠባበቂያውን ለሌላ መሸጥ ግን አይቻልም። ለንጽጽር ያህል፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ከላትቪያ በቀረበለት ጉዳይ፣ ዋናው ዲስክ ተበላሽቶ ወይም ጠፍቶ እንኳ ቢሆን የመጠባበቂያ ቅጂን ያለ መብቱ ባለቤት ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን መሸጥ እንደማይፈቀድ ወስኗል።

አስቸጋሪው ነገር ላይሰንስ የሚባለው የፈቃድ ውል ነው። በርካታ አምራቾች ፕሮግራሙን “አልሸጥንም፣ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ሰጥተናል” ብለው በውላቸው ስለሚጽፉ፣ አንቀጽ 14 የሚለው “ሕጋዊ ባለቤት” እነዚህን ተጠቃሚዎች አይጨምርም የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ያለ ጊዜ ገደብ የሚጠቀምበትን ሰው በውል ቃላት ብቻ ከሕግ ጥበቃ ማስወጣት የአንቀጹን ዓላማ ያፈርሳል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው መመሪያ ሕጋዊ ተጠቃሚው ለአጠቃቀሙ የሚያስፈልገውን መጠባበቂያ እንዳይዝ በውል መከልከል እንደማይቻል ደንግጓል። ያም ሆኖ ከአዲስ ኮምፒዩተር ጋር ተጭኖ የመጣ ዊንዶውስ ፈቃዱ ብዙውን ጊዜ ከዚያው ኮምፒዩተር ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ መሣሪያው ሲዘረፍ ፈቃዱን ወደ ሌላ ማዛወር ላይቻል ይችላል፤ ለብቻው በተገዛ ፕሮግራም ረገድ ግን ብዙውን ጊዜ ማዛወር ይቻላል። ስለዚህ ከመጫን በፊት ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል።

ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2000 የቅጂ መብትን የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት የተቀላቀለች ሲሆን፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችም እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ሕጓ ጥበቃ አላቸው። ስምምነቱ በአንቀጽ 9 አገሮች በተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች ማባዛትን እንዲፈቅዱ ሲተው፣ ፈቃዱ የሥራውን መደበኛ ገበያ እንዳይነካና የሠሪውን ሕጋዊ ጥቅም ያለ በቂ ምክንያት እንዳይጎዳ ያስገድዳል። ገዢው ለራሱ ያስቀመጠው አንድ መጠባበቂያ ከዚህ ሚዛን ጋር አይጋጭም፤ በአንድ ፈቃድ በኢንተርኔት ካፌ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ መጫን ግን በግልጽ ይጋጫል።

ከሥነ ምግባር አንጻር የካርቱም ሁኔታ የራሱ የሆነ ታሪክ አለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ በጣለችው የንግድ ማዕቀብ ምክንያት የአሜሪካ ኩባንያዎች ሶፍትዌር ለብዙ ዓመታት በዚያ ገበያ በሕጋዊ መንገድ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ለመክፈል ፈቃደኛ ሆኖ የሚሸጥለት ያጣን ሰው ከለመደ ሌባ ጋር በአንድ ሚዛን መመዘን ፍትሕ አይደለም፤ ነገር ግን ይህ ወቀሳውን ያቀልለታል እንጂ በክራክ (የፕሮግራሙን መቆለፊያ በሚሰብር መሣሪያ) የተከፈተውን ቅጂ ሕጋዊ አያደርገውም፣ አንቀጽ 14ም የሚጠብቀው በሕግ የተገኘን ቅጂ ብቻ ነው። መግዛት ለማይችል ሰው እንደ ሊኑክስና ሊብረኦፊስ ያሉ፣ መቅዳትንም ማከፋፈልንም በራሳቸው ፈቃድ የሚያስችሉ ፕሮግራሞች አሉ።

ክርክር ቢነሳ ቅጂው በሕግ የተገኘ መሆኑን ማስረዳት የሚጠበቅበት ቅጂውን የያዘው ሰው ስለሆነ፣ የግዢ ደረሰኙን፣ የፕሮግራሙን ቁልፍ ቁጥርና ግዢውን የሚያረጋግጠውን ኢሜይል ፎቶ አንስቶ ከኮምፒዩተሩ ውጭ በሆነ ቦታ ሊያስቀምጥ ይገባል፤ ዝርፊያ የደረሰበትም ሰው ቀኑንና የጠፉትን ዕቃዎች በጽሑፍ ይዞ፣ ፈቃዱ እንዲዛወርለት በዚሁ ማስረጃ ለአምራቹ ማመልከት ይችላል።