የየቲም ቤት ከመሸጡ በፊት



ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት በመቀሌና በአካባቢዋ ብዙ ልጆች አባታቸውን አጥተዋል። ለእነዚህ ልጆች ቀለብና ደብተር ማቅረቡ ቀላሉ ሥራ ነው። የሚከብደው አባት ትቶት የሄደው ቤት ወይም ሱቅ ነው። የየቲምን ንብረት በእጁ የያዘ ሰው በራሱ ውሳኔ ብቻ ሊሸጠው ይችላልን?

አጎት የወንድሙን ልጆች ሰብስቦ ማሳደጉ በአገራችን የተለመደ፣ ምንዳውም ከፍ ያለ ተግባር ነው። ሆኖም ልጅን ማሳደግ ሌላ፣ በገንዘቡ ላይ ወሊይ መሆን ሌላ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ አባት ሲሞት ይህ ሥልጣን ለአባት አባት ይሆናል፤ አያት ከሌለ በኑዛዜ ለተሾመው ወሲይ፣ እርሱም ከሌለ ለቃዲው ነው። አጎት በአጎትነቱ ብቻ በዚህ ተራ ውስጥ አይገባም። ወሊይ የሆነውም ቢሆን ቤትና መሬት የሚሸጠው ለልጁ ቀለብና ልብስ ሌላ ገንዘብ ሲታጣ፣ አለዚያም ጥቅሙ ግልጽ የሆነ ዋጋ ሲገኝ ነው።

ልጁ አድጎ «ቤቴ ያለ ጥቅም ተሸጠብኝ» ብሎ ቢከስስ ምን ይሆናል? ሻጩ አያቱ ከሆነ በመሐላ ይታመናል። ወሲይ ወይም የቃዲ ተሿሚ ከሆነ ግን ምሎ የሚታመነው ልጁ ነው፤ ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም በሻጩ ላይ ይወድቃል። በዘመዳሞች መካከል ዳኛ ፊት መቆም እንደ ነውር ይታያል፤ እኛ ግን ቀድሞ የተጠየቀ ፈቃድ ከየቲሙ ይልቅ ባለአደራውን ይጠብቃል እንላለን። በሱረቱ ኒሳእ 6ኛው አያህ ገንዘቡን ሲያስረክቡ ምስክር ማቆም የታዘዘውም በከንቱ አይደለም።

የአገሪቱም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ሞግዚት የልጁን የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ እንዳይሸጥ ያግደዋል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የመቀሌ ነዋሪ የትግራይን ሕግ ይጠይቅ። ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱም በሕገ መንግሥቱ 34ኛ አንቀጽ መሠረት የቤተሰብ ክርክር በሸሪዓ ሊዳኝ ይችላል። እናት በሕይወት ካለች በፌዴራሉ ሕግ ሞግዚቷ እርሷ ናት፤ በመዝሀቡም አባት በኑዛዜ ወሲይ ሊያደርጋት ይችላል። (ጤነኛ አባቶች ይህን ዛሬውኑ ቢያስቡበት ምን አለበት?)

ለጋሾችም በአንድ የቲም ስም ላም፣ የልብስ ስፌት መኪና ወይም የሱቅ ዕቃ ስትሰጡ፣ ከመሸጡ በፊት የማን ስምምነት እንደሚያስፈልግ በስጦታው ወረቀት ላይ በግልጽ አስፍሩ፤ አንዱ ቅጂም በልጁ ቤተሰብ እጅ ይቀመጥ።