የተጨነቀን ሰው በቅርብ ሰው መርዳት፤ ለቀበሌ ሠልጣኞች የተዘጋጀ ትምህርት

እንደሚታወቀው ሁሉ ድርቅ ወይም መፈናቀል በደረሰበት ስፍራ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእህል፣ ለውኃና ለመጠለያ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም በ1977 ዓ.ም. እና በተከታዩ ዓመት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ ብዙው ያለፈቃዱ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንዲሠፍር ሲደረግ ኩንታሉና ድንኳኑ ሲቆጠር፣ ዘመዱን ቀብሮ ቀዬውን የለቀቀው ሰው ኀዘን ከዝርዝሩ አልገባም።

ይህ ጉድለት ለሠፋሪ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በምዕራብ ሸዋ፣ ከጊንጪ ወጣ ብሎ በሚገኘው በጭልሞ ደን ዳር የምትኖር አንዲት እናት ትታሰብ። ልጇን ከቀበረች ወዲህ እንቅልፍ ርቋታል፤ ምግብ አስጠልቷታል፤ ከቡናም ከዕድርም ቀርታለች። ጤና ኬላ ስትመጣ የምታወራው ግን ስለ ራስ ምታቷና ስለ ጨጓራዋ ነው። ክኒን ተሰጥቷት ትመለሳለች።

በጉራጌ አካባቢ በምትገኘው የሶዶ ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተሳተፉበት ሥራ የታየውም ይኸው ነው። የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የአእምሮ ሕመም ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ እንኳ በድባቴ ከተያዙት ለይተው ያወቋቸው ጥቂቶቹን ብቻ ነበር። ስለሆነም ሠልጣኝ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው ሰው ሕመሙን በምን ቃል እንደሚናገር ነው። በጭልሞ ዙሪያ የሚነገረው ኦሮምኛ በመሆኑ ጥያቄው «ድባቴ አለብሽ ወይ?» ሳይሆን ስለ «ያዶ»፣ ስለማያስተኛ ሐሳብ፣ ሊሆን ይገባል።

በዚምባብዌ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራውን ሲጀምር ያሠለጠነው የሐራሬን አረጋውያት ነበር፤ በሽታውንም ሕዝቡ በሚጠራበት ስም፣ «ሐሳብ ማብዛት» በሚል ትርጉም፣ ጠሩት። ከጤና ጣቢያ ደጅ በተቀመጠ አግዳሚ ወንበር ላይ ያነጋግሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ በታወቀው ጥናት፣ በ24 ጤና ጣቢያዎች ከተሳተፉት 573 ሰዎች መካከል በዚህ መንገድ የተረዱት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ ተሽሏቸው ተገኝተዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ያወጣው መመሪያም ሥራውን ለልዩ ሐኪም ብቻ አልተወውም። ረዳቱ ተረጂውን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ90 ደቂቃ ያህል ያነጋግራል። ትንፋሽን አዘግይቶ መተንፈስን፣ ከብዙ ችግር አንዱንና ሊነካ የሚችለውን መርጦ መፍትሔ መፈለግን፣ የተተወ ሥራን በጥቂት በጥቂቱ መጀመርን፣ ወደ ሰው መመለስን ያስተምራል። ለጭልሞዋ እናት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ምናልባት አንድ ጎረቤት ዘንድ ቡና ሄዶ መጠጣት ማለት ይሆናሉ። ከዚያ በላይ በመጀመሪያው ሳምንት አይጠየቅም።

ለሠልጣኙ ከሁሉ የሚከብደው ግን ከአዲሱ ትምህርት ይልቅ አሮጌውን ልማድ መተው ነው። «አይዞሽ፣ ጠንክሪ፣ ሌላ ልጅ ይሰጥሻል» ማለት በአገራችን የደግነት ምልክት ነው፤ በለቅሶ ቤትም የራሱ ቦታ አለው። በዚህ ሥራ ግን ያልወጣን እንባ መልሶ ያስውጣል። ሠልጣኙ ዝም ብሎ መስማትን፣ የሰማውንም በራሱ ቃል መልሶ መናገርን ደጋግሞ ይለማመድ። ጎረቤት ለጎረቤት በሚተዋወቅበት ቀበሌ የሰሙትን በዕድር አለማውራት ደግሞ ያለ ማወላወል የሚጠበቅ ግዴታ ነው። አንዴ ከወጣ ሁለተኛ የሚመጣ ሰው አይኖርም።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ በግልጽ መጠየቅ አለበት። መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባም፤ ይልቁንም ለብቻው ተሸክሞት ለቆየው ሰው መናገሪያ በር ይከፍትለታል። ቁርጥ ሐሳብ ያለው፣ ወይም የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሰው ከተገኘ፣ ጉዳዩ ከረዳቱ አቅም በላይ ነው፤ ብቻውን ሳይተው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ አምቦ ሆስፒታል ይወሰድ።

ሥልጠና ተሰጥቶ የምስክር ወረቀት ከታደለ በኋላ ሥራው አለቀ የሚሉ ኃላፊዎች አይጠፉም። ሆኖም ረዳቱን በየሳምንቱ ተቀብሎ የከበደውን የሚሰማ፣ የተሳሳተውንም የሚያርም የሠለጠነ ሰው ከሌለ፣ ረዳቱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ ምክርና ተግሣጽ ይመለሳል፤ የሌላው ኀዘንም እርሱን ራሱን ያደክመዋል። ስለዚህ በጀት የሚይዝ ወረዳ ከአዳራሹ ኪራይ አስቀድሞ፣ ተቆጣጣሪው ነርስ ከጊንጪ ወደ ጭልሞ በየሳምንቱ የሚመላለስበትን መጓጓዣና የሥራ ሰዓት ይያዝ።