ድንጋይ የሆነ እንጨት ስለ አበባ ምን ይመሰክራል?

አንባቢ ሆይ፤ አንድ የጥድና አንድ የዋንዛ ጉራጅ ይፈልጉና ጫፋቸውን በስለታም ቢላዋ አስተካክለው በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። በዋንዛው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ በጥዱ ላይ የሉም። እነዚህ ቀዳዳዎች ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣባቸው ቧንቧዎች ናቸው። አበባ የሌለው ጥድ ግን ውሃውን የሚያሳልፈው ጫፋቸው ድፍን በሆነ ቀጫጭን ሴሎች ነው፤ ይኸውም በጎናቸው ባሉት ስስ ስፍራዎች በኩል።

እንጨት በተቀበረ ጊዜ በውሃ የሟሟ ማዕድን ሴሎቹን ስለሚሞላ ይህ ሁሉ አሠራር በድንጋይ ውስጥ ተጠብቆ ይኖራል። ሊቃውንትም ድንጋዩን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ፍቀው በማይክሮስኮፕ ይመረምሩታል።

እንግዲህ ቧንቧ ያለው የአበባ ወገን፣ የሌለው የጥድ ወገን ነው ብሎ መፍረድ የቀለለ ይመስላል። ነገር ግን በኒው ካሌዶንያ ደሴት አምቦሬላ የሚባል ቁጥቋጦ አለ፤ ያብባል፣ ቧንቧ ግን የለውም። በ1999 እ.ኤ.አ. በዲ ኤን ኤ የተደረገው ምርመራ ደግሞ ይህ ተክል ዛሬ ካሉት አበባ አውጪዎች ሁሉ አስቀድሞ የተለየ ዘር መሆኑን አሳየ።

የአበባ አውጪዎች ብናኝ 130 ሚሊዮን ዓመት ያኽል ባስቆጠረ ድንጋይ ውስጥ ሲገኝ፣ የዚያ ዘመን እንጨታቸው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙዎች የመጀመሪያዎቹ ትናንሽ ተክሎች ነበሩ ይላሉ። ይሆናል፤ ሆኖም ቧንቧ የሌለው የአበባ እንጨት ከጥድ ወገን ተቈጥሮ በሙዚየም መሳቢያ ተቀምጦ እንዳይሆን እጠረጥራለሁ።

ማሪ ስቶፕስ በ1912 እ.ኤ.አ. አፕቲያና ብለው የሰየሙት የእንግሊዝ አገር እንጨት ቧንቧው በግልጽ ይታያል። ኋላ ግን ድንጋዩ በእርግጥ ከዚያ ጥንታዊ ንብብር መውጣቱ አጠራጠረ፤ የወጣበት ስፍራ በትክክል ካልታወቀ ደግሞ ዕድሜውን እንጨቱ ራሱ አይናገርም።