በደረቅ አገር ከተማ ስለ ዛፍ ጥላ፣ ስለ ውሃና ስለ ትክክለኛ ድልድል

ዛፍ መትከል በጎ ሥራ መሆኑን የማያውቅ ሹም የለም። ነገር ግን ውሃ በሚያጥርበት አገር ችግኝ ሁሉ ከሰው ጋራ ውሃ ተካፋይ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰቆጣን ምሳሌ አድርገን ሦስት ነገር እንመርምር፤ ይኸውም ውሃው ከየት ይምጣ፣ ጥላው ለማን ይሁን፣ ድካሙስ በማን ላይ ይውደቅ የሚል ነው።

የዋግ ኽምራ ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ደጋማ አገር ናት እንጂ ምድረ በዳ አይደለችም። ሆኖም ዝናሟ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ በአንዳንድ ዓመትም ዘግይቶ ገብቶ ፈጥኖ ይወጣል። በ1977 እና በ2008 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ ለዚህ ምስክር ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጦርነት ያፈናቀለው ብዙ ሕዝብ ወደ ከተማዪቱ ስለ ገባ ውሃ ፈላጊው በዛ።

፩ኛ፤ ስለ ውሃው። መቶ ችግኝ ተተክሎ ለያንዳንዱ በሳምንት 10 ሊትር ይሰጠዋል እንበል። ከጥቅምት መባቻ እስከ ሰኔ አጋማሽ 36 ሳምንት ያህል ስለ ሆነ ድምሩ 36,000 ሊትር፣ ማለት ባለ 20 ሊትር 1,800 ጀሪካን ይሆናል። ይህ ሁሉ ከቦኖ የተቀዳ እንደ ሆነ፣ ዋጋውን የምትከፍለው ተራዋን ቆማ የምትጠብቀው እናት ናት። እንግዲህ የቦኖ ውሃ አስቀድሞ ለሰው፣ ጎርፍ ግን ለዛፍ ይሁን።

ጎርፉም ጥቂት አይደለም። በ100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢወርድ 2,000 ሊትር ነው፤ ይህም አፈር ጠርጎ ወደ ተከዜ ይወርዳል። በአሜሪካ አገር፣ በአሪዞና ምድረ በዳ ባለችው በቱክሶን ከተማ አንድ ነዋሪ የመንገዱን ጠርዝ ቆርጦ ጎርፉን ወደ ዛፎቹ ጉድጓድ አስገባ፤ ያለ ፈቃድ የተጀመረውም ሥራ ኋላ በከተማው አስተዳደር ተፈቀደ። በሰቆጣም ተዳፋት ላይ ከክረምት በፊት በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የአፈር እርከን ሠርቶ ችግኙን በመካከሉ መትከል፣ ግርጌውንም በድርቆሽ ወይም በድንጋይ መሸፈን ይቻላል። ለበጋው ደግሞ ሳሙናና ጨው የሌለበት የእቃ እጣቢ ይረዳል። ይህም ስለማይበቃ የችግኙ ቍጥር በሚገኘው ውሃ ልክ ይወሰን።

፪ኛ፤ ስለ ጥላው። በታጠረ ግቢ ውስጥ ያለ ዛፍ የሚያሳርፈው ባለ ግቢውን ነው። ፀሐይ ላይ የሚውሉት ግን በገበያ፣ በቦኖ፣ በወፍጮ ቤትና በጤና ጣቢያ ደጅ የሚቆሙት ናቸው፤ የመጀመሪያው ችግኝ በነዚህ ስፍራዎች ይተከል። ወይራ ቢዘገይም ዕድሜው ረዥም ነው፤ ግራር ሰፊ ጥላ ይሰጣል፤ ቁንዶ በርበሬም ድርቅን ይችላል። ባሕር ዛፍ ለቤት ሥራና ለሽያጭ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ውሃ ወዳድ ስለ ሆነ ከምንጭ ይራቅ።

፫ኛ፤ ስለ ድካሙ። በየደብሩ አጸድ ጽድና ወይራ እስከ ዛሬ መቆማቸው ጠባቂ ስላላቸው ነው። የገበያ ዛፍ ግን የሁሉ ነው ተብሎ የማንም ሳይሆን ይደርቃል። ስለዚህ ጉድጓዱ ሳይቈፈር የሚያጠጣውና የሚጠብቀው ሰው ይታወቅ፤ ለድካሙም ደመወዝ ይቈረጥለት። ተረኞች ቢደረጉ ደግሞ፣ «ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ጥላውን የሚያገኙት ሁሉ ይካፈሉ እንጂ በድኻው ብቻ አይጫን።

በመጨረሻም፣ ሹሙ በመዝገቡ የተተከለውን ብቻ ሳይሆን በሦስተኛው ዓመት የጸደቀውን ይቍጠር፤ ከዚያም በጥላው ሥር ማን እንደ ተቀመጠ ሄዶ ይመልከት።